በካርቶኑ ላይ ያሉት ሽማግሌ

ውድ እህቶቼ፣ ባለፈው እሁድ ስንገናኝ የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ተመድቤ ነበርና ይኸው ጻፍኩ። ስለ ንጉሥ ወይም ስለ አርበኛ ጠብቃችሁ ከሆነ ይቅርታ፤ የኔ ሰውዬ ዶሮ ጠባሽ ናቸው።

እኔ የምሠራው ቤይሩት ነው። የቤቱ ልጆች አርብ ማታ ማታ ጥብስ ዶሮ ያስመጣሉ። ቅዳሜ ጠዋት በዘይት የራሰውን ካርቶን አጣጥፌ የምጥለው እኔ ነኝ። ካርቶኑ ላይ ነጭ ጺም፣ መነጽር፣ አንገታቸው ላይ ጥቁር ክር ያሰሩ ሽማግሌ ይስቃሉ። መጀመሪያ ዶክተር መስለውኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊታቸውን ስጥል ስማቸውን እንኳ አላውቅም።

አንድ ቀን ማዳም በየሳምንቱ ገንዘብ ከሚወጣ እቤት እንድሠራው አዘዘችኝ። እኔ ደግሞ ዶሮ ወጥ እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ዶሮውን ከፍሪጅ አውጥቼ ዱቄት ላይ አንከባለልኩና የሚጨስ ዘይት ውስጥ ጨመርኩት። ውጩ ጠቆረ፣ ዱቄቱ ተላጦ መጥበሻው ውስጥ ቀረ፣ ሲቆረስ አጥንቱ ዙሪያ ደም ነበር። ያውም እንግዳ ባለበት ቀን! ምን እንደተሰማኝ ኩሽና የምትውሉ ሁሉ ስለምታውቁት አልዘረዝረውም። ማታ ክፍሌ ገብቼ ሰውዬው ማን እንደሆኑ በስልኬ መፈለግ ጀመርኩ፤ ያገኘሁትንም በደብተር ያዝኩ። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ስማቸው ሃርላንድ ሳንደርስ ይባላል። የተወለዱት ሴፕቴምበር 9 ቀን 1890 በአሜሪካ፣ ኢንዲያና ግዛት፣ ሄንሪቪል አጠገብ ካለ እርሻ ላይ ነው። ከሦስት ልጆች የመጀመሪያው ናቸው። አባታቸው በ1895 ሲሞቱ ሃርላንድ ገና አምስት ዓመት ገደማ ነበር። እናቲቱ ልጆቿን ለማብላት ቲማቲም የሚታሸግበት ፋብሪካ ገባች። እሷ ስትወጣ ታናናሾቹን የሚጠብቀውም፣ ምግብ የሚሠራላቸውም ያ ትንሽ ልጅ ሆነ። በሰባት ዓመቱ ዳቦ መጋገርና አትክልት መሥራት ችሎ ነበር። በአስር ዓመቱ ደግሞ ሰው እርሻ ላይ ተቀጠረ።

እዚህ ላይ ስደርስ ስልኬን አስቀመጥኩ። እኔ አስራ አንድ ዓመት የሆናት ታናሽ እህት አለችኝ። እናታችን አበባ እርሻ ነው የምትውለው፤ ማለዳ ወጥታ ማታ ነው የምትመጣው። እኔ ከመጣሁ ወዲህ ለሁለቱ ወንድሞቻችን ሽሮ የምትሠራው እሷ ናት። በቅርቡ ስደውል ድምጿ ልክ አልነበረም። ስጨቀጭቃት ጊዜ ዘይት ተፈናጥሮ እጇን እንዳቃጠላት፣ እንዳልጨነቅ ብላ ሦስት ቀን እንደደበቀችኝ ነገረችኝ። ጎረቤት የጥርስ ሳሙና ቀብታላት ነበር። የሳንደርስን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይሄን የልጅነታቸውን ነገር እንደ ጥሩ ጅማሬ ነው የሚያወሩት። ለኔ ግን ምድጃ የማይደርስበት ልጅ ወንበር ላይ ቆሞ ሲያማስል ነው የታየኝ።

እናታቸው በ1902 ሌላ ባል አገባች። ልጁ ከእንጀራ አባቱ ጋር አልተስማማም፤ ሰባተኛ ክፍልን ሳይጨርስ ትምህርቱን ትቶ በአስራ ሦስት ዓመቱ ከቤት ወጣ። በ1906 ዕድሜውን ዋሽቶ ወታደር ሆነና ኩባ ተላከ፤ በሚቀጥለው ዓመት ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያልሠሩት ሥራ የለም። ባቡር ላይ የድንጋይ ከሰል አካፋ ያዙ፣ ሕግ በተልዕኮ ተምረው ጥብቅና ቆሙ፣ ኢንሹራንስ ሸጡ፣ መብራት ሸጡ፣ ወንዝ ማሻገሪያ ጀልባ አሠሩ፣ ጎማ ሸጡ። ጠበኛ ሰው ስለነበሩ ብዙውን ያጡት በራሳቸው ጥፋት ነው። ጥብቅናቸው የተበላሸው ፍርድ ቤት ውስጥ ከራሳቸው ደንበኛ ጋር ተደባድበው ነው። ሥራ ባጡበት በአንዱ ጊዜ ሚስታቸው ልጆቹን ይዛ ወላጆቿ ቤት ገባች። በ1932 ደግሞ አንድ ወንድ ልጃቸው በሃያ ዓመቱ ሞተባቸው። ይሄን የምጽፈው ሰውዬው ካርቶኑ ላይ እንደሚስቁት ሁልጊዜ ሲስቁ የኖሩ እንዳይመስላችሁ ነው።

በ1930 ኬንታኪ በሚባለው ግዛት፣ ሰሜን ኮርቢን፣ መንገድ ዳር ነዳጅ ማደያ ያዙ። ዕድሜያቸው አርባ ነበር። ነዳጅ የሚቀዱ መንገደኞች ይርባቸዋል፤ በአካባቢው ደግሞ ደህና ምግብ ቤት አልነበረም። ስለዚህ የራሳቸውን የመመገቢያ ጠረጴዛ አቀረቡና ለቤተሰብ የሚሠሩትን ምግብ ለመንገደኛ ይሸጡ ጀመር። በልጅነታቸው ለታናናሾቻቸው ብለው የለመዱት እጅ ነው እንጀራ የሆናቸው። ምግቡ ስለተወደደ በ1935 የግዛቱ አገረ ገዥ ኮሎኔል የሚል የክብር ስም ሰጧቸው። የጦር ማዕረግ አይደለም፤ ለአገሩ ጠቅሟል ለሚባል ሰው የሚሰጥ ነው። በ1939 ቤታቸው ተቃጠለ፤ እንደገና አሠሩት።

አሁን ወደ ዶሮው ልግባ። ኮሎኔሉ ዶሮ የሚጠብሱት በብረት መጥበሻ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። መንገደኛ ያን ያህል አይጠብቅም። አስቀድመው ቢጠብሱት ይደርቃል፣ ይተርፋል። ብዙ ዘይት ውስጥ መንከር ይፈጥናል፤ እሳቸው ግን ጣዕሙን አልወደዱትም። በ1939 ክዳኑ የሚቆለፍ፣ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት አገኙ። ለአትክልት ማብሰያ የተሠራ ነበር። እሳቸው ለዶሮ ሞከሩት። እንፋሎቱ ስለማይወጣ ሥጋው ውስጥ ያለው እርጥበት አይጠፋም፤ ቶሎ ይበስላል፣ ውስጡም ይለሰልሳል። እዚህ አገር ብሮስትድ የሚባለው ዶሮም እንዲሁ በግፊት የሚጠበስ ነው፤ ስሙ የመጣው ከአንድ የአሜሪካ መጥበሻ ማሽን ነው።

እህቶቼ አደራ! እኛ ኩሽና ያለው ባቄላና ሥጋ የምንቀቅልበት የሚቆለፍ ድስት ለዘይት አልተሠራም። ዘይት ጨምራችሁበት ብትቆልፉት ሊፈነዳ ይችላል። የሳቸው ማሽን ተሻሽሎ ለዚሁ የተሠራ ነው። ማንም ቢያዛችሁ እንዳታደርጉት።

በ1940 ኮሎኔሉ የ11 ቅመም ቅይጣቸውን ጨረሱ፤ እስከ ዛሬ ሚስጥር ነው። በ2016 ቺካጎ ትሪቢዩን የተባለ ጋዜጣ ከቤተሰባቸው ዘንድ የተገኘ በእጅ የተጻፈ ዝርዝር አሳተመ፤ ድርጅቱ ግን ትክክለኛው ይሄ ነው አላለም። በዝርዝሩ ውስጥ ነጭ ቁንዶ በርበሬ በብዛት አለ። ፓፕሪካ፣ ነጭ ሽንኩርት ያለበት ጨው፣ ዝንጅብልና ሰናፍጭም አሉበት። እኔ እነዚህን አይቼ ነው የጀመርኩት።

ብዙ ጊዜ ካበላሸሁ በኋላ አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ዶሮውን እበልትና ማታውኑ በጨው፣ በተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና በትንሽ ውሃ በቀጠነ ለበን ነክሬ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ለበኑ ያለሰልሰዋል፣ ጨውም እስከ አጥንቱ ይገባል። በማግስቱ ከመጥበሴ ግማሽ ሰዓት በፊት አወጣዋለሁ፤ በረዶ እንደሆነ ዘይት ውስጥ ከገባ ውጩ ሲያርር ውስጡ ጥሬ ይቀራል። የኔ የመጀመሪያ ጥፋት ይሄ ነበር። ለሁለት ኩባያ ዱቄት አራት የሾርባ ማንኪያ ናሻ እጨምራለሁ፤ መንኮሻኮሹ ከሱ ነው። ቁንዶ በርበሬ፣ ፓፕሪካ፣ ዝንጅብልና ጨው እቀላቅላለሁ። ከነከርኩበት ለበን ሁለት ማንኪያ ዱቄቱ ላይ ጠብ ጠብ አድርጌ በጣቴ አሻሸዋለሁ፤ ያቺ ፍርፋሪ ናት ስትጠበስ ቅርፊት የምትሆነው። ዶሮውን ዱቄቱ ላይ ጫን ጫን አድርጌ አለብሰውና ሩብ ሰዓት አስቀምጠዋለሁ። ሳያርፍ ከተጠበሰ ይላጣል። ይሄ ሁለተኛው ጥፋቴ ነበር።

ዘይቱ መጨስ የለበትም። የእንጨት ማንኪያ ጫፍ ሲነካው ዙሪያውን ትናንሽ አረፋ ከወጣ ደርሷል። ከሦስት አራት ብልት በላይ ባንዴ አትጨምሩ፤ ዘይቱ ይቀዘቅዝና ዶሮው ዘይት ይጠጣል። እሳቱን መካከለኛ አድርጌ እግሩንና ታፋውን እያገላበጥኩ ሩብ ሰዓት ያህል እጠብሳለሁ። ወፍራሙን ቦታ እስከ አጥንቱ ስወጋው የሚወጣው ፈሳሽ ጥርት ካለ በስሏል፤ ቀይ ካለበት ይመለሳል። ሲወጣ ሽቦ ላይ ነው የማሳርፈው፤ ሳህን ላይ ከከመሩት በራሱ እንፋሎት ይርሳል። አጥንት የሌለውን ፍርምባ ግን እንደ እስካሎፕ ነው የምሠራው። በስሱ ቀጥቅጬ መጀመሪያ ዱቄት፣ ቀጥሎ የተመታ እንቁላል፣ መጨረሻ ላይ የተፈጨ ካዕክ አለብሰዋለሁ። ካዕክ ከሌለ የደረቀ ዳቦ ፈጭታችሁ ተጠቀሙ። ይሄኛው በአንድ ጎኑ ሦስት አራት ደቂቃ ይበቃዋል። ዘይቱ እሳት ከያዘ ውሃ እንዳትደፉበት፤ ከቻላችሁ ጋዙን አጥፍታችሁ በክዳን አፍኑት፣ ድስቱንም አንስታችሁ አትሩጡ።

ወደ ታሪካችን ስንመለስ፣ ኮሎኔሉ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ባሉበት ሰዓት አዲስ አውራ ጎዳና በሌላ በኩል ሊያልፍ ሆነ። ደንበኛ የሚያመጣላቸው መንገድ ነበርና ገበያው ሞተ። በ1956 ቤቱን ሸጠው ዕዳ ከፈሉ። የቀራቸው ያጠራቀሟት ጥቂት ገንዘብና በወር 105 ዶላር ጡረታ ነበር። ዕድሜያቸው 65 አልፏል። ከዚያ በፊት በ1952 ፒት ሀርማን የሚባል ዩታ ግዛት ያለ የምግብ ቤት ባለቤት ዶሮውን በሳቸው ዘዴ መሸጥ ጀምሮ ነበር። ይሄ ተስፋ ሰጣቸው። ድስታቸውንና ቅመማቸውን መኪና ላይ ጭነው ከከተማ ከተማ ዞሩ። ምግብ ቤት ገብተው ለባለቤቱና ለሠራተኞቹ ይጠብሳሉ። ከወደዱት ይጨባበጣሉ፤ ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ዶሮ አራት ሳንቲም ይታሰብላቸዋል። ብዙ ሌሊት ያደሩት እዚያው መኪናቸው ውስጥ ነው።

እሳቸው ሲዞሩ እቤት ሆና ቅመሙን የምትቀላቅለው፣ የምታሽገውና በፖስታ የምትልከው ክላውዲያ ናት። ድሮ ምግብ ቤታቸው ውስጥ አስተናጋጅ ነበረች፤ በ1949 ተጋቡ። ካርቶኑ ላይ የሷ ፎቶ የለም። እኔ ግን አሁን ካርቶኑን ባየሁ ቁጥር እሷ ናት ትዝ የምትለኝ።

በ1964 ከ600 በላይ ምግብ ቤቶች ዶሯቸውን ይሸጡ ነበር። በዚያው ዓመት ድርጅቱን በሁለት ሚሊዮን ዶላር ሸጡት። ፊታቸውና ስማቸው ማስታወቂያ ላይ ቀረ፤ ደመወዝም ይከፈላቸው ነበር። ኩሽናው ግን የሳቸው አልነበረም። እየዞሩ ሲቀምሱ ስጎው ተበላሽቷል ብለው በአደባባይ ይቆጡ ነበር፤ ከገዙት ሰዎች ጋርም ፍርድ ቤት ደርሰዋል። ገንዘብ አግኝተዋል። እጃቸው ያወቀውን ነገር ግን ሌላ ሰው ሲያበላሸው ማየት አልቻሉም። ዲሴምበር 16 ቀን 1980 በ90 ዓመታቸው ሉዊቪል ከተማ አረፉ፤ የተቀበሩትም በዚያ ነጭ ልብሳቸው ነው።

እኔ ከዚህ ታሪክ የያዝኩት እሳቸው ሚሊየነር መሆናቸውን አይደለም። ማደያው፣ ቤቱ፣ መንገዱ ሁሉ ሲሄድ የቀራቸው እጃቸው የሚያውቀው ነገር መሆኑን ነው። እኛም እዚህ ያለው ኩሽና የኛ አይደለም፤ የተማርነው እጅ ግን የኛ ነው። ስለዚህ እያንዳንዳችሁ የምታውቁትን በደብተር ያዙ፤ ልኩንና ደቂቃውን ሳይቀር። አገር ስንገባ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይይዝም።

ለእህቴ ግን ገና ልጅ ስለሆነች ሌላ ነገር ነው የነገርኳት። የሚጠበስ ነገር እናታችን ማታ ስትመጣ ብቻ እንዲሠራ ተስማምተናል። ቀን ቀን ወንድሞቿን እንድታይ አክስታችንን ለምኛለሁ፤ ከምልከው ላይ የሷም ድርሻ አለ። ቃጠሎ ሲያጋጥም የጥርስ ሳሙና ሳይሆን ወዲያው ቀዝቃዛ ንጹህ ውሃ ለሃያ ደቂቃ ማፍሰስ፣ ካቆሰለም ጤና ጣቢያ መሄድ እንደሆነ አስጽፌያታለሁ። እናንተም ለቤታችሁ ንገሩ።

እሷ ደግሞ የዶሮውን ነገር ከሰማች ወዲህ መቼ እንደምሠራላት ነው የምትጠይቀኝ። ስገባ በበዓል እንደምሠራላት ቃል ገብቻለሁ። የኮሎኔሉ ዘዴ ዶሮውን ዘጠኝ ቦታ ይበልታል፤ እኔ ግን እንደ አገሬ አስራ ሁለት ነው የማወጣለት። ያኔ እሷ ቁጭ ብላ ትበላለች፤ ምድጃው ጋ እኔ እቆማለሁ።

ከዚህ የተሻለ አሠራር ያላችሁ እህቶች ለሚቀጥለው እትም ጻፉልን። ቸር ሰንብቱ።

እህታችሁ፣ ከቤይሩት