ከወይን አትክልት እስከ 532፤ ድሜጥሮስ

ልደታ ሰፈር ለምንኖር ሰዎች ግንቦት 1 አይነቃነቅም፤ ልደታ ማርያም በየዓመቱ የምትነግሠው በዚያው ቀን ነው፡፡ ፋሲካ ግን ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ይመላለሳል፡፡ በ1975 ዓ.ም. ሚያዝያ 30 ስለዋለ በማግስቱ ልደታ ሆነ፡፡ ከዚያች ቀን ግን አያልፍም፡፡ ይህን አጥር ማን አጠረው ብሎ ለሚጠይቅ የቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ ነው፤ ድሜጥሮስ፡፡

እንደ ትውፊቱ ድሜጥሮስ ፊደል ያልቆጠረ የወይን አትክልተኛ ነበር፡፡ ያለ ወቅቱ ያፈራ ወይን ይዞ ወደ እስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ወደ ዮልያኖስ ሲገባ ተተኪው እርሱ መሆኑ ታወቀ፡፡ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ189 አስራ ሁለተኛው ሊቀ ጳጳሳት ሆነ፡፡ ባለትዳር ነበርና ሕዝቡ አጉረመረመ፡፡ እርሱና ባለቤቱ ልዕልተ ወይን ግን የሚኖሩት እንደ እህትና ወንድም ነበር፤ በሕዝብ ፊት ፍም በልብሳቸው ቢታቀፉ ልብሱ አልተቃጠለም ይላል ታሪኩ፡፡

ቀጥሎ ሐሳቡ ሁሉ ወደ በዓላት ዞረ፡፡ ጾም ከሰኞ፣ ትንሣኤ ከእሑድ፣ ዕርገት ከሐሙስ እንዳይወጡ ተመኘ፡፡ በመልአክ ቃል ሌሊት 23፣ ቀን 7 ሱባዔ ገባ፡፡ 23 በ7 ሲባዛ 161 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ ይህ ጥንተ አበቅቴ ነው፡፡ 7 በ7 ደግሞ 49፤ ትርፉ 19፤ እርሱም ጥንተ መጥቅዕ፡፡ ሁለቱ ሲደመሩ 30 ናቸው፡፡

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን 532 ነው፡፡ ወንጌላውያኑ በ4 ዓመት፣ ዕለታት በ7፣ ጨረቃ ከፀሐይ ጋር በ19 ዓመት ይመለሳሉ፡፡ ሦስቱ ቁጥሮች ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም፡፡ ስለዚህ ከብዜታቸው ከ532 ያነሰ ቁጥር ሦስቱን አንድ ላይ ሊያመጣቸው አይችልም፡፡ ሊቃውንቱ ዐቢይ ቀመር ይሉታል፡፡

አንድ ጊዜ 2000 ዓ.ም.ን በወረቀት አሰላሁት፡፡ 5500 ሲጨመር 7500፤ በ532 ሲካፈል 14 ደርሶ 52 ይተርፋል፡፡ 52 በ19 ሲገደፍ 14፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 13፡፡ 13 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 23፣ በ19 ሲሆን ደግሞ መጥቅዑ 7፡፡ የድሜጥሮስ ሱባዔ ቁጥሮች ሆነው ቁጭ! ፋሲካም በዚያ ዓመት ሚያዝያ 19 ዋለ፡፡

የታሪክ ሰዎች ሁሉን ለእርሱ አይሰጡትም፡፡ የ19 ዓመቱን ዑደት የአቴናው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት ያውቀው ነበር፡፡ ከድሜጥሮስ በኋላ የተሾመው ዲዮናስዮስ እንኳ ፋሲካን በ8 ዓመት ዑደት ነበር የሚያሰላው፡፡ እኔም ሒሳቡ የብዙ ሰዎች ድካም ይመስለኛል፡፡ የተረጋገጠው ድሜጥሮስ ቀላል ሰው አልነበረም፤ ወጣቱን አርጌንስን የእስክንድርያ ትምህርት ቤት ኃላፊ ያደረገውም፣ ኋላ ያባረረውም እርሱ ነው፡፡ 43 ዓመት በመንበሩ ቆይቶ በ232 አረፈ፤ መታሰቢያው ጥቅምት 12 ነው፡፡

አሁን ያለንበት 15ኛው ዐቢይ ቀመር በ1949 ዓ.ም. ጀምሯል፡፡ ያን ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 13 ነበር፡፡ በ2481 ዓ.ም. እንደገና ሚያዝያ 13 ይውላል፡፡