ማን ሬይ፡ የህልምን ዓለም በፎቶግራፍ የፈተሸው አርቲስት

ፎቶግራፍ ለዓይን የሚታየውን ከመቅዳት አልፎ በሰው ልጅ አእምሮ ውስጥ የተደበቀውን ህልምና ምኞት ሊያሳይ እንደሚችል ካስመሰከሩ የ20ኛው ክፍለ ዘመን አርቲስቶች መካከል ማን ሬይ በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳል።

የልደት ስሙ ኢማኑኤል ራድኒትስኪ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ ኦገስት 27 ቀን 1890 በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ ከሩሲያ ከፈለሱ አይሁዳውያን ቤተሰቦች ተወለደ። አባቱ በልብስ ስፌት ይተዳደሩ ነበር። በኒውዮርክ ብሩክሊን ያደገው ማን ሬይ ምኞቱ ሠዓሊ መሆን ነበር፤ ካሜራ የገዛውም የገዛ ሥዕሎቹን ፎቶግራፍ አንስቶ ለማስቀመጥ ነው።

እ.ኤ.አ በ1921 ወደ ፓሪስ አቀና። በቀጣዩ ዓመት በጨለማ ክፍል ውስጥ ዕቃዎችን ብርሃን በሚቀበል ወረቀት ላይ እያስቀመጠና መብራት እያበራ፣ ያለ ካሜራ ምስል መሥራት ጀመረ። ዕቃው ያረፈበት ቦታ ነጭ ሆኖ ሲቀር፣ ብርሃን ያገኘው ይጠቁራል። በዚህም የዘወትር መገልገያዎች በህልም እንደሚታዩ እንግዳ ቅርጾች ሆነው ይወጣሉ። ዘዴው ቀደም ሲል የታወቀ ቢሆንም በራሱ ስም ሬዮግራፍ ብሎ ሰየመው።

የሲግመንድ ፍሮይድን የህልም ትንታኔ መነሻ ያደረገው ገጣሚ አንድሬ ብረቶን እ.ኤ.አ በ1924 የሱሪያሊዝምን ማኒፌስቶ ሲያወጣ፣ ማን ሬይ የእንቅስቃሴው ዋነኛ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ። በዚያው ዓመት በአንዲት ሴት ጀርባ ምስል ላይ የቫዮሊን ቀዳዳዎችን በማከል ገላን ወደ ሙዚቃ መሣሪያ ለወጠ። እ.ኤ.አ በ1926 ደግሞ ዓይኗን የጨፈነች ሴት ፊትን ከአፍሪካ ጭምብል ጎን አቀረበ። ጭምብል በብዙ ሕዝቦች ሥርዓት ውስጥ የሚገኝ ጥንታዊ ምስል ሲሆን፣ የሥነ ልቦና ሊቁ ካርል ዩንግም ሰው ለኅብረተሰቡ የሚያሳየውን ገጽታ በጭምብል ስም ጠርቶታል።

ማን ሬይ ጦርነቱን ሸሽቶ እ.ኤ.አ በ1940 ወደ አሜሪካ ተመለሰ፤ በ1951 ዳግም ፓሪስ ገባ። እስከ መጨረሻው በሠዓሊነቱ መታወቅን ቢሻም፣ ስሙን ያስጠራው ለሥዕሎቹ ረዳት ብሎ የያዘው ካሜራ ሆነ።

እ.ኤ.አ ኖቬምበር 18 ቀን 1976 በ86 ዓመቱ በፓሪስ አረፈ። በ1924 የሠራው የቫዮሊን ምስል እ.ኤ.አ በ2022 በ12 ነጥብ 4 ሚሊዮን ዶላር በጨረታ ተሽጧል።