አበበ ቢቂላ ጫማ አጥቶ አይደለም

ይድረስ ለአዲስ ዘመን ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፤



ባለፈው ሰሞን የመንግሥት ሠራተኞችን ከቂሊንጦ ወደ መሐል ከተማ በሚያመላልሰው አውቶቡስ ተሳፍረን፥ ቃሊቲንና ሳሪስን አልፈን፥ በደብረ ዘይት መንገድ ወደሚገኘው ወደ ቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ስንቃረብ፥ ስለዚያ ሥፍራ ወሬ ተነሣ። አንድ ወጣት ባልደረባችን ሻምበል አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ የሚገዛለት አጥቶ እንደ ነበረ፥ ያሸነፈውም በዕድልና በእልክ እንደ ሆነ ተናገረ። ተሳፋሪው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። እኔ ግን መልስ ለመስጠት አፌን ስከፍት የምወርድበት ፌርማታ ደረሰና አሳቤ በሆዴ ቀረ። ለአበበ ከንፈር ሲመጠጥ መስማት ከልጅነቴ ጀምሮ ለምወደው ሰው የማይገባ ስለ መሰለኝ፥ ያልተናገርሁትን በጽሑፍ ለመግለጽ ተገደድሁ።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። በዚያው ዕለት በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር፤ ነገሩ አጋጣሚ ነው፥ ዳሩ ግን ወዳጆቹ የሆንን ሰዎች ይህን ሳናነሣ አናልፍም። አድጎ ወደ አዲስ አበባ መጣና በክቡር ዘበኛ ተቀጠረ። እንደ እኛ ደመወዝተኛ ነበር ማለት ነው። በዚያም ኦኒ ኒስካነን የሚባል፥ በኢትዮጵያ መንግሥት አገልግሎት ላይ የነበረ ስዊድናዊ አሠልጣኝ አገኘው። ኒስካነን ሰዓት ይዞ የሚለካ፥ የለካውንም የሚመዘግብ ሰው ነበር። ወደ ሮም ከመሄዳቸው በፊት በ1952 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ በተደረገው ማጣሪያ አበበ የሮጠበት ሰዓት፥ ታላቁ ዛቶፔክ በሔልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ያነሰ ነበር። ይህም አየሩ በሚሳሳበት በእኛ ከፍታ ላይ ነው። እንግዲህ ዓለም ሳያውቀው አሠልጣኙና ሯጩ የያዙትን ያውቁ ነበር፤ ዕድል የሚባለው ነገር የት ላይ እንደ ገባ አይታየኝም።

ወደ ጫማው ነገር ልምጣ። ጫማ ነበረ። ሮም ላይ የቀረበለት አዲስ ጫማ ግን እግሩን አልተመቸውም፥ ላጠውም። ለአርባ ሁለት ኪሎ ሜትር በማይመች ጫማ መሮጥ ምን እንደሚያመጣ አሠልጣኙም እሱም ያውቁታል፤ በልምምድ ጊዜ ደግሞ በባዶ እግር መሮጥ ለአበበ እንግዳ ነገር አልነበረም። ስለዚህ መክረውበት ያለ ጫማ እንዲሮጥ ተስማሙ። ይህ የድኻ ሥራ ሳይሆን የባለሙያ ውሳኔ ነው።

ውድድሩ የተደረገው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ በአገራችን የአዲስ ዓመት ዋዜማ መሆኑን ልብ ይሏል። በጉዞው ላይ ተጠንቀቅ የተባለው ከሞሮኮው ሯጭ ከራዲ ሲሆን ቁጥሩም 26 ነው ተብሎ ተነግሮት ነበር። ራዲ ግን 185 ቁጥር ለጥፎ ስለ ወጣ፥ አበበ 26 ቁጥርን ወደ ፊት እየፈለገ ከዚያው ከሚፈልገው ሰው ጋር ጐን ለጐን ብዙ መንገድ ሮጠ። መሸና ወታደሮች በያዙት ችቦ ብርሃን ሲጓዙ፥ ከመድረሻው ብዙ ሳይርቅ በወረራው ዘመን ከአክሱም ተነቅሎ የተወሰደው ሐውልት ቆሞ ነበር። አበበ ጉልበቱን አውጥቶ የተፈተለከው እዚያ ላይ ነው። ይህም ድንገት የመጣ ስሜት አይደለም፤ ከአሠልጣኙ ጋር መንገዱን አስቀድመው አይተው ሥፍራውን ምልክት አድርገውት ነበር። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገባ፤ ራዲ 25 ሴኮንድ ያህል ቆይቶ ደረሰ። ሐውልቱ በበኩሉ አገሩ የገባው በ1997 ዓ.ም. ነው።

በ1953 ዓ.ም. በታኅሣሥ የክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክር አበበም ለጊዜው ተይዞ ከቆየ በኋላ ተለቀቀ። በ1955 ዓ.ም. በቦስተን አምስተኛ ወጣ። ሁልጊዜ አሸናፊ ነበር የሚሉ ሰዎች ይህን ይዘነጉታል።

ወደ ቶኪዮ ከመሄዱ ጥቂት ቀደም ብሎ ትርፍ አንጀቱን ታሞ ኦፕራሲዮን ተደረገ። እንዲህም ሆኖ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ፥ ሁለተኛ ከወጣው እንግሊዛዊ አራት ደቂቃ ቀድሞ ገባ። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም በዓለም የመጀመሪያው ሆነ። ያን ጊዜ ጫማ አድርጎ ነበር፤ የሚስማማውን ስላገኘ አደረገ፥ በቃ። ከገባም በኋላ ሌሎቹ እስኪደርሱ በሣሩ ላይ ተጋድሞ ጂምናስቲክ ሲሠራ ታየ። በሜክሲኮ ግን እግሩን ታሞ ስለ ነበር ከአሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር በኋላ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣልን።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ በሸኖ አካባቢ ቮልስዋገን መኪናው ተገለበጠችበትና እስኪነጋ ድረስ ከውስጧ ሳይወጣ አደረ። እነዚያ እግሮች ከዚያ ወዲያ አልታዘዙለትም። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል በተባለው ሆስፒታል ስምንት ወር ያህል ታከመ። በመጀመሪያ አንገቱን እንኳ ማዞር የማይችል ሲሆን ቀስ በቀስ እጆቹ ተመለሱለት።

በአውቶቡሱ ውስጥ ሳልናገረው የቀረውና ከሁሉ የሚቆጨኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ሮምን ሁሉ ሰው ያውቃል፤ ከዚህ በኋላ ያለውን አራት ዓመት ተኩል ግን የሚያነሣው የለም። በ1962 ዓ.ም. በዚያው በስቶክ ማንደቪል በአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በዓመቱ ኖርዌይ ሄዶ፥ እኛ በሥዕል ብቻ በምናውቀው በረዶ ላይ፥ ውሾች በሚጐትቱት መንሸራተቻ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ። የሸዋ ባላገር ልጅ ቀስት መሳብንና ውሾች መንዳትን በሠላሳ ስምንት ዓመቱ እንደ ጀማሪ ተማረ ማለት ነው። የሠለጠነባቸው እግሮች ሲወሰዱበት ሥልጠናው አልተወሰደበትም። በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ በሙኒክ ኦሊምፒክ በክብር እንግድነት በወንበሩ ሲገባ ሕዝቡ ተነሥቶ ተቀበለው፤ ማራቶኑን ያሸነፈው አሜሪካዊው ሾርተርም ሜዳልያውን ከተቀበለ በኋላ ሄዶ እጁን ጨበጠው።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጐሉ ውስጥ ደም ፈሶ በአርባ አንድ ዓመቱ ዐረፈ። ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት፥ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ተከትሎት፥ በወታደር ሥርዓት በቅዱስ ዮሴፍ ተቀበረ። ከአራት ወር በኋላ አብዮቱ ስለ ፈነዳ የአገሩ ወሬ ሁሉ ወደዚያ ዞረ፤ የወንበሩ ታሪክም የተረሳው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ወጣቱ ባልደረባችን ይህችን ጽሑፍ ያነባት እንደ ሆነ ቅር እንዳይሰኝብኝ እለምነዋለሁ፤ ነገሩን የሰማው ከታላላቆቹ ከእኛ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዮሴፍ ላይ ለመውረድ ቢፈቅድ ግን አብሬው እወርዳለሁ፤ የመመለሻውን ትራንስፖርት እኔ እችላለሁ።

አንድ አንባቢ
ከቂሊንጦ