ዕውቀቱን ለሰው ሁሉ ግልጥ ያደረገ ሊቅ፤ የማይክል ፋራዴይ ታሪክ

ሰው ብዙ ነገር ቢያውቅ፥ ያወቀውን ግን ለሌላው ግልጥ አድርጎ መናገር ወይም መጻፍ ቢሳነው፥ ዕውቀቱ በተቀበረ ወርቅ ይመሰላል፤ ባለቤቱ ሲሞት አብሮ ይጠፋል። መሐንዲስ መልካም ድልድይ ቢያስብ፥ ሠራተኞቹ ግን አሳቡን ካልተረዱት፥ ድልድዩ አይቆምም። ይህን እውነት አስተውሎ በዘመኑ ሁሉ የሠራበት አንድ የእንግሊዝ ሊቅ ነበረ፤ ስሙም ማይክል ፋራዴይ ይባላል።

ፋራዴይ በፈረንጆች ቍጥር በ1791 ዓመት፥ ሴፕቴምበር 22 ቀን፥ በሎንዶን ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበረ፤ ዳሩ ግን በሽታ ስለ ጸናበት ዘወትር ሊሠራ አልቻለም። ስለዚህ ቤተ ሰቡ በድኽነት ይኖር ነበር። በ1801 እህል በተወደደ ጊዜ ለትንሹ ማይክል የሚደርሰው ለሳምንት አንድ ዳቦ ብቻ ነበረ። ትምህርቱም ከማንበብ፥ ከመጻፍና ከጥቂት ሒሳብ አላለፈም።

በ1804 መጽሐፍ እየሸጠና እየጠረዘ ለሚኖር አንድ ሰው ተላላኪ ሆኖ ገባ፤ በሚከተለውም ዓመት የመጠረዝን ሥራ 7 ዓመት ሊማር ተዋዋለ። በእጁ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት በዓይኑ ያነብ ጀመር። ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ኬሚስትሪ የተጻፈውን ባገኘ ጊዜ ልቡ በደስታ ሞላ። የሚሰማውን ንግግር ሁሉ በደብተር ይጽፍ ነበር፤ ያየውንም መሣሪያ በትክክል ለመሣል ከአንድ ሠዓሊ ዘንድ ሥዕል ተማረ።

በ1812 ሮያል ኢንስቲትዩሽን በተባለው የዕውቀት ቤት ሐምፍሪ ዴቪ የተባለው ስመ ጥሩ ሊቅ ሲያስተምር፥ ፋራዴይ በአንድ ደንበኛ ቸርነት አራት ጊዜ ገብቶ ለመስማት ቻለ። የሰማውን ሁሉ በጥሩ ጽሕፈት ጻፈ፥ የመሣሪያዎቹንም ሥዕል ጨመረበት፤ በገዛ እጁም ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። ዴቪም የወጣቱን ትጋትና የጽሕፈቱን ጥራት ተመልክቶ አደነቀ፤ በ1813 በማርች ወር ረዳቱ አድርጎ አስገባው። እንዲህም የመጽሐፍ ጠራዡን ልጅ ወደ ሊቃውንት ቤት ያስገባው ሀብት ወይም ዘመድ ሳይሆን፥ ግልጥ ሆኖ የተጻፈ አንድ ደብተር ነው።

ፋራዴይ ግን ሊቅ ቤት መግባቱ አልበቃውም፤ ንግግሩ ያልታረመ መሆኑን ያውቅ ነበርና። በዚያው በ1813 የሌሎችን መምህራን መልካምነትና ጕድለት እየመረመረ ለወዳጁ ደብዳቤ ይጽፍ ጀመር። አዳራሹ ንጹሕ አየርና በቂ ብርሃን ሊኖረው እንደሚገባ፥ ተናጋሪው ፊቱን ወደ ሰሚዎቹ መመለስ እንዳለበት፥ ንግግሩም ከአንድ ሰዓት ማለፍ እንደማይገባው ጻፈ። አንድ ወዳጁ ሰዋስውንና አነጋገርን እንዲያርመው አደረገ፤ በ1818ም አነጋገርን ወደሚያስተምር መምህር ሄደ። በጕባኤ በሚናገርበትም ጊዜ፥ ቸኩሎ እንደ ሆነ ቀስ እንዲል የሚያሳስብ ጽሕፈት ያለበት ወረቀት በፊቱ ይቆምለት ነበር። ከሰው ፊት መታረምን እንደ ነውር አልቈጠረውም።

በ1821 ታላቅ ነገር አገኘ። በባዜቃ በተሞላ ጽዋ መካከል ማግኔት አቆመና፥ ጫፉ ባዜቃውን የሚነካ ሽቦ ከላይ አንጠለጠለ። ኤሌክትሪክ ባለፈበት ጊዜ ሽቦው ማግኔቱን እየዞረ ተሽከረከረ። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚዞሩ ሞተሮች ሁሉ የመጀመሪያ ምልክታቸው ይህ ነበረ። ሊቃውንቱም በጽሑፍ ብቻ አንብበው እንዳይጠራጠሩ፥ በኪስ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ አሠርቶ በየአገሩ ላከላቸው።

ነገር ግን በዚሁ ሥራ ታላቅ ሐዘን ደረሰበት። ዎላስተን የተባለ የተከበረ ሊቅ ከዴቪ ጋራ ወደዚህ የቀረበ ነገር አስቀድሞ ሞክሮ ነበር። ፋራዴይ ግን ቸኩሎ ጽሑፉን ባወጣ ጊዜ የእነርሱን ስም አላነሣም። ስለዚህ የሌላውን አሳብ ሰረቀ የሚል ሐሜት ተነሣበት። የሠራው ሥራ የራሱ ነበረ፤ ሆኖም ከጽሑፉ የጐደሉት ጥቂት ቃሎች ስሙን አስነቀፉት። በ1824 ሮያል ሶሳይቲ ለተባለው የሊቃውንት ማኅበር አባልነት በተመረጠም ጊዜ፥ አሳዳጊው ዴቪ ራሱ ተቃወመው። ከዚያ ወዲያ ፋራዴይ የራሱን ሥራና የሌላውን ድርሻ ለይቶ ለመጻፍ እጅግ ተጠነቀቀ።

ማስታወሻውን በየቀኑ ይጽፍ ነበር፤ አንቀጾቹንም ቍጥር እየሰጠ ከ16,000 በላይ አደረሳቸው። የተሳካለትን ብቻ ሳይሆን ያልተሳካለትንም ጻፈ፤ የሚከተለው ሰው በዚያው መንገድ ሄዶ እንዳይደክም። ማግኔትን በማንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንደሚገኝ በ1831 ባስረዳ ጊዜም፥ ያነበበው ሁሉ ሥራውን በቤቱ ሊደግመው ቻለ። ለአዲስ ነገር አሮጌ ስም ቢሰጡት አንባቢውን እንደሚያስት ስላወቀ፥ ዊሊያም ሁዌል የተባለውን የቋንቋ ዐዋቂ አማከረ፤ በ1834ም አኖድ፥ ካቶድና ኢዮን የሚሉትን ቃላት በጽሑፉ አወጣ። እስከ ዛሬም በዓለም ሁሉ ይሠራባቸዋል።

ሕፃናትንም ለማስተማር አልታከተም። ከ1827 እስከ 1860 ባለው ዘመን ውስጥ በገና ሰሞን ለልጆች የሚሰጠውን ትምህርት 19 ጊዜ አስተማረ። በመጨረሻው ጊዜ አንዲት ሻማ አብርቶ፥ ሰሙ እንዴት እንደሚቀልጥ፥ ወደ ክሩ እንዴት እንደሚወጣ፥ ነበልባሉም አየርን እንዴት እንደሚፈልግ እያሳየ፥ ከዚህች ትንሽ ነገር ብዙውን የኬሚስትሪ ትምህርት አወጣ። ለአንድ ወጣት መምህር በሰጠው ምክር፥ ድንጋይ ከእጅ ሲለቀቅ ይወድቃል ብሎ የሚያስተምር ሰው ድንጋዩን በእርግጥ ለቆ ማሳየት እንዳለበት ነገረው። ሰሚው ያውቀዋል ብሎ ምንም ነገር መዝለል አይገባም ማለቱ ነው።

ለመርከበኞች መንገድ የሚያሳዩትን የባሕር ዳር መብራቶች ለሚጠብቀው ማኅበርም ከ1836 ጀምሮ ብዙ ዘመን አማካሪ ሆነ። በ1855 ደግሞ በቴምዝ ወንዝ ላይ በጀልባ ሲሄድ ውሃው በከተማው ቆሻሻ ደፍርሶ አየ። ነጭ ወፍራም ወረቀት ቀዶ በውሃ አረጠበና፥ ጀልባይቱ በቆመችበት ስፍራ ሁሉ ጣለው፤ ወረቀቱም አንድ ኢንች ሳይሰጥም ከዓይን ይሰወር ነበር። ይህን በጥቂት ቃል ጽፎ ለታይምስ ጋዜጣ ላከ። ረቂቅ ቃል አላበዛም፤ ያልተማረው ሰው እንኳ አንብቦ አደጋውን ማየት ቻለ። ዳሩ ግን ባለሥልጣኖቹ ዘገዩ፤ በ1858 በጋ ክርፋቱ እስከ ምክር ቤታቸው በደረሰ ጊዜ ሕግ አወጡ፥ መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌትም የቆሻሻ መውረጃውን ታላላቅ ቦይ ሠራ።

ፋራዴይ ከፍተኛ ሒሳብ አልተማረም ነበር። ስለዚህ በ1857 ለጄምስ ክላርክ ማክስዌል ሲጽፍ፥ የሒሳብ ሊቃውንት የደረሱበትን ፍሬ ነገር ሌላው እንዲሠራበት በተራ ቋንቋም ቢገልጡት ምን ያህል እንደሚጠቅም አሳሰበው። ማክስዌልም የኤሌክትሪክን ሒሳብ ከማንበቡ በፊት የፋራዴይን መጻሕፍት አስቀድሞ አነበበ፤ አሳቡንም ወደ ሒሳብ መልሶ ለዓለም አስረከበ። ግልጥ ሆኖ የተጻፈ አሳብ ጸሐፊው ያልቻለውን እንኳ በሌላ ሰው እጅ ይፈጽማል።

ፋራዴይ በ1867 ኦገስት 25 ቀን ዐረፈ። የሮያል ሶሳይቲ አለቃ እንዲሆን ቢለምኑት እንቢ ብሎ ነበር። የተወው ቅርስ ግን ከሹመት ይበልጣል።

እንግዲህ የሚማር ሁሉ ከዚህ ሰው ሕይወት ይህን ይያዝ። ለሌላው በጨለማ ቃል መናገር የዕውቀት ምልክት አይደለም። ያየኸውን በትክክል ጻፍ፤ የሌላውን ሥራ ለሌላው መስክርለት፤ ስትሳሳት የሚያርምህን ውደድ፤ ከመናገርህም በፊት የሚሰማህን ሰው አስብ። ዕውቀት ለባልንጀራ በተዳረሰ ጊዜ ፍሬ ይሰጣልና።