ሥራዋ በ«አጋዥነት» የተመዘገበው ሐኪም

በዚህ እትም ስሟ እስካሁን በሕክምና መጻሕፍት የሚጠራውን የነርቭ ሐኪም ኦጉስታ ክሉምፕኬን ላስተዋውቃችሁ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኦጉስታ በ1859 በአሜሪካ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ተወለደች። እናቷ ከባሏ ስትለያይ ልጆቿን ይዛ ወደ አውሮፓ ተሻግራ አስተማረቻቸው። አና ሠዓሊ፣ ዶሮቲያ የከዋክብት ተመራማሪ፣ ጁሊያ ቫዮሊን ተጫዋች፣ ኦጉስታ ሐኪም ሆኑ።

ኦጉስታ በ1877 ፓሪስ ገባች። ሴቶች ሕክምና መማር ይችሉ ነበር፤ የሆስፒታሎቹ የኢንተርንነት ውድድር ግን ለወንዶች ብቻ ነበር። ኦጉስታና ጓደኛዋ ብላንሽ ኤድዋርድስ ጥያቄያቸውን ደጋግመው አቀረቡ። ብዙ ሐኪሞች ተቃውሞ ቢፈርሙም በ1885 ተፈቀደ። በቀጣዩ ዓመት ኦጉስታ ተወዳድራ አለፈች፤ በፓሪስ ሆስፒታሎች የመጀመሪያዋ ሴት ኢንተርንም ሆነች።

ገና ተማሪ ሳለች፣ በ1885፣ ከአንገት ወደ ክንድ ስለሚወርዱ ነርቮች ጽፋለች። በወሊድ ጊዜ የሕፃን ክንድ በኃይል ከተሳበ እነዚህ ነርቮች ሊጎዱ ይችላሉ። የታችኞቹ ሲጎዱ እጅ ይሰንፋል፤ አንዳንዴ በዚያው ወገን ያለው የዓይን ብሌን ይጠባል። ኦጉስታ የሁለቱን ግንኙነት አስረዳች፤ ሕመሙ ዛሬም በስሟ ይጠራል።

በ1888 የነርቭ ሐኪሙን ዡል ዴዠሪንን አገባች። ስለ አንጎልና ስለ ነርቭ አሠራር አብረው ያዘጋጁት ትልቅ መጽሐፍ በ1895 እና በ1901 በሁለት ቅጽ ታተመ። ሽፋኑ ላይ ደራሲ ተብሎ የተጻፈው እሱ ነው፤ እሷ የተጠቀሰችው በአጋዥነት ነው።

ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ዓይኔ እዚህ ላይ ያርፋል። የብዙዎቻችን የሱቅ፣ የእርሻ፣ የሽመና ሥራም በባል ስም ተመዝግቦ፣ የእኛ ድካም «እገዛ» ይባላል። ብድር ለመጠየቅ ስንቀርብ ግን የሚታየው መዝገቡ ነው።

ኦጉስታ ግን በሥራዋ ገፋች። በ1914 የፈረንሳይ የነርቭ ሐኪሞች ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አከርካሪያቸው የተመታ ወታደሮችን አከመች። ባሏ በ1917 ካረፈ በኋላም ሥራዋን አልተወችም። ልጃቸው ኢቮንም ሐኪም ሆነች። ኦጉስታ በ1927 ፓሪስ ውስጥ አረፈች።

እህቶቼ፣ የሠራነውን በስማችን እናስመዝግብ። ደብተር መያዝ ለሚከብዳት አባል ደግሞ የምትችለው አብራት ትቀመጥ።