ዊልያም ዌልስ፤ አየርን እንደ ውሃ ለማጽዳት የተነሣ መሐንዲስ

ተላላፊ በሽታን መከላከል የሐኪም ተግባር ብቻ ሆኖ ይታይ በነበረበት ዘመን፣ የምንተነፍሰው አየር ንጽሕና መሐንዲሱንም የሚመለከት መሆኑን በሥራቸው ካስመሰከሩት አንዱ አሜሪካዊው ዊልያም ፈርዝ ዌልስ ነው።

ዌልስ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ እ.ኤ.አ. በ1934 ስለ ትንፋሽ ጠብታዎች ያጠናውን አሳተመ። በጊዜው የታመነው፣ በሽተኛው ሲያስል የሚወጡት ጠብታዎች ወዲያው መሬት ላይ ይወድቃሉ ተብሎ ነበር። እሱ ግን ትናንሾቹ ጠብታዎች ሳይወድቁ እንደሚተኑና ቅሪታቸው ተሕዋስያንን ተሸክሞ በክፍል ውስጥ ለረጅም ጊዜ እንደሚንሳፈፍ አስረዳ።

እንግዲህ በሽታው በአየር የሚጓዝ ከሆነ፣ አየሩን ማጽዳት ይቻላል ማለት ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የቫይረስን የዘር ቁስ በመጉዳት እንዳይራባ ያደርገዋል። ይሁን እንጂ ከጨረሩ ውስጥ እጅግ ብርቱውን ክፍል የኦዞን ሽፋን ያስቀረዋል፤ ከቀሪውም ከፊሉን የመስኮት መስተዋት ይከለክላል። ስለዚህ ዌልስ 254 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ጨረር የሚያመነጩ የሜርኩሪ መብራቶችን ከሰው ራስ በላይ ሰቀለ፤ ጨረሩ የሰውን ዓይንና ቆዳ ሳይነካ ወደ ላይ የሚወጣውን አየር ያጸዳ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1941 በፊላዴልፊያ አካባቢ የኩፍኝ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ፣ መብራቱ ባልተተከለባቸው ክፍሎች ለበሽታው ከተጋለጡት ሕፃናት ከመቶ 54 ያህሉ ሲታመሙ፣ በተተከለባቸው ክፍሎች የታመሙት ከመቶ 13 ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ደስታው ግን አልዘለቀም። በኒውዮርክ ገጠርና በለንደን ሳውዝሆል የተደረጉት ተከታይ ሙከራዎች ያን ያህል ውጤት አላሳዩም። ሕፃናቱ በአውቶቡስና በሌሎች መሰብሰቢያዎች በሽታውን ይለዋወጡ ስለነበር፣ የመማሪያ ክፍልን አየር ብቻ ማጽዳት አልበቃም። ብዙዎች ግን ጉድለቱን የጨረሩ አድርገው ቈጠሩት።

ዌልስ ተስፋ አልቈረጠም። ከሐኪሙ ሪቻርድ ራይሊ ጋር በመሆን በባልቲሞር ከሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ክፍሎች የሚወጣውን አየር ጊኒ ፒግ ወደሚባሉት እንስሳት አደረሰ። ያልጸዳውን አየር የተነፈሱት ሲለከፉ፣ በጨረር የጸዳውን የተነፈሱት ዳኑ። የሳንባ ነቀርሳ መንሥኤ ባክቴሪያ ቢሆንም፣ በሽታ በአየር ለመተላለፉ ማስረጃው የማያሻማ ነበር።

ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1963 ዐረፈ። ጥናቱ ሰፊ ትኩረት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ዓለምን ባስጨነቀበት ጊዜ ነው። ለእኛ ለሙያው ባልደረቦች የተወልን ትምህርት ግልጽ ነው፤ ቤት ስንሠራ ግድግዳውንና ጣራውን ብቻ ሳይሆን፣ በውስጡ ያሉት ሰዎች የሚጋሩትን አየር ጭምር እንነድፋለን።