ቅዱስ ድሜጥሮስና የባሕረ ሐሳብ ቍጥር

ቅዱሳን አባቶቻችን ለቤተ ክርስቲያን ያወረሷት ሀብት ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ድርሳኑን፥ ሁለተኛው የቅዳሴውን ሥርዐት፥ ሦስተኛውም ደሙን ትቶላታል። የእስክንድርያ 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ድሜጥሮስ ያተረፈላት ሀብት ደግሞ የዘመን ቍጥር ነው። በየዓመቱ በመስከረም መባቻ በዐውደ ምሕረት ቆመን የአጽዋማቱንና የበዓላቱን ዕለት ስናውጅ፥ የምናውጀው ትውፊታችን ለእርሱ በሚሰጠው ቀመር ነው። ስለዚህ የዚህን አባት ሕይወት በአጭሩ ልንተርክ፥ ከሕይወቱም የምንማረውን ልናመለክት ወደድን።

ድሜጥሮስ በግብፅ አገር ወይን እየተከለ የሚኖር ገበሬ ነበረ። እስክንድርያ በዚያ ዘመን የሊቃውንት ከተማ ነበረች፤ በትምህርት ቤቷም ጰንጠኖስ፥ ከእርሱም በኋላ ቀሌምንጦስ ያስተምሩባት ነበር። ድሜጥሮስ ግን መጽሐፍ ያልተማረ፥ ስሙ በሊቃውንቱ ጉባኤ የማይነሣ ሰው ነበረ። 11ኛው ሊቀ ጳጳሳት ዮልያኖስ የሚያርፍበት ጊዜ በቀረበ ጊዜ፥ ያለ ወራቱ የተገኘ የወይን ዘለላ ይዞ የሚመጣው ሰው በመንበሩ እንዲቀመጥ በራእይ ተነገረው። ድሜጥሮስም በተክሉ መካከል እንዲህ ያለ ዘለላ አግኝቶ በረከት ለመቀበል ወደ ሊቀ ጳጳሳቱ ይዞ መጣ። እርሱ የመጣው ገጸ በረከት ሊያቀርብ ነበር፤ የተሰጠው ግን የእረኝነት ሸክም ሆነ። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ189 ዓ.ም. ገደማ፥ አይገባኝም እያለ ሲከራከር ተሾመ። ከሹመቱም በኋላ ትምህርትን በትጋት ያዘ፤ እግዚአብሔርም ልቡናውን ብሩህ አደረገለት።

ሹመቱ ግን ያለ ፈተና አልቀረም። ድሜጥሮስ ባለ ሚስት ስለ ነበረ ሕዝቡ አንጐራጐረ። እርሱና ሚስቱ ልዕልተ ወይን በወላጆች ፈቃድ ተጋብተው ሳለ በድንግልና እንደ እኅትና ወንድም ይኖሩ እንደ ነበር ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እርሱም ምስጢሩን ገልጦ ራሱን ከሐሜት ሊያድን አልፈለገም፤ ሕዝቡ በሐሜት እንዳይጠፋ ምስጢሩን እንዲገልጥ ከመልአክ በታዘዘ ጊዜ ግን ታዘዘ። ከቅዳሴ በኋላ እሳት አስነድዶ ፍሙን በልብሱና በሚስቱ ልብስ ላይ አኖረ፤ ሁለቱም በምእመናን መካከል ሲመላለሱ ልብሳቸው አልተቃጠለም። ስንክሳራችን ይህን መጋቢት 12 ቀን ያዘክረናል።

የዚያን ዘመን ታላቅ ክርክር የፋሲካ ዕለት ነበር። በእስያ ያሉ ክርስቲያኖች በጨረቃ 14ኛ ቀን ያከብሩ ነበር፤ በሮሜና በእስክንድርያ ያሉት በእሑድ ያከብሩ ነበር። አንዱ ሲጾም ሌላው ፋሲካ ያደርጋል። በትውፊታችን እንደሚነገረው ድሜጥሮስን ያሳሰበው ይህ ነው፤ ጾመ ነነዌና ዐቢይ ጾም ከሰኞ፥ ሆሣዕናና ትንሣኤ ከእሑድ፥ ስቅለት ከዓርብ፥ ዕርገት ከሐሙስ እንዳይወጡ ተመኘ። ምኞት ብቻውን እንደማይበቃም ከመልአኩ ተረዳ። ከሌሊቱ 23 ሱባዔ፥ ከቀኑ 7 ሱባዔ እንዲይዝ ታዘዘ። 23 ሱባዔ 161 ዕለት ነው፤ በ30 ሲገደፍ 11 ይቀራል፤ ይህም አበቅቴ ተባለ። 7 ሱባዔ 49 ዕለት ነው፤ በ30 ሲገደፍ 19 ይቀራል፤ ይህም መጥቅዕ ተባለ።

እነዚህ ቍጥሮች ያለ ምክንያት የቆሙ አይደሉም። የፀሐይ ዓመት 365 ዕለት ከሩብ ነው፤ የጨረቃ ዓመት 354 ዕለት ነው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት 11 ገደማ ነው። 19 ዓመት ሲፈጸም ፀሐይና ጨረቃ ወደ ቀድሞ መገናኛቸው ስለሚመለሱ ንዑስ ቀመር 19 ዓመት ሆነ። ይህን ዑደት የአቴናው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ዓመት አስታውቆ ነበር። የሰማይ ብርሃናት ለሁሉ የተሰጡ ናቸውና ይህ ሊያስደንቀን አይገባም፤ የአባቶቻችን ሥራ ይህን ዕውቀት ለትንሣኤው በዓል አገልጋይ ማድረግ ነው።

አንባቢ ነገሩን በግልጥ እንዲያየው 2017 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 12 ይቀራል፤ አንዱ ለዘመኑ ይተውና ወንበሩ 11 ይሆናል። 11 በ11 ሲባዛ 121 ነው፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1 ነው። 11 በ19 ሲባዛ 209 ነው፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ፤ ካልሆኑ ቈጣሪው ተሳስቷልና እንደ ገና ይቍጠር። መጥቅዑ ከ14 ስለ በለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 29 ቀን ዋለ፤ ዕለቱም ረቡዕ ነበረ፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው። 29 እና 4 ሲደመሩ 33 ይሆናሉ፤ 30 ሲገደፍ መባጃ ሐመሩ 3 ነው። ስለዚህ ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ቀን ገባ፤ 14 ተጨምሮ ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን፥ 9 ተጨምሮ ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ቀን ሆነ።

ቅዱስ ድሜጥሮስ ከ40 ዓመት በላይ መንጋውን ጠበቀ። ወጣቱን ኦሪጌንስን በትምህርት ቤቱ ላይ የሾመ እርሱ ነው፤ በኋላም ኦሪጌንስ ያለ ፈቃዱ በፍልስጥኤም ቂሳርያ ቅስና በተቀበለ ጊዜ፥ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ231 ዓ.ም. በጉባኤ ከእስክንድርያ አገልግሎት አገለለው። ሥርዐት ለታላቁ ሊቅም ለትንሹ ገበሬም አንድ መሆኑን በዚህ አሳየ። ከዚህ በኋላ ብዙ ሳይቈይ ዐረፈ፤ የዕረፍቱም መታሰቢያ ጥቅምት 12 ቀን ነው። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት 318 ሊቃውንት ፋሲካ በአንድ እሑድ በአንድነት እንዲከበር ሲወስኑ የእርሱ ምኞት ተፈጸመ።

በዘመናችን በኮምፒዩተር ላይ አንዲት የትእዛዝ መስመር ጽፎ ከዚህ ቀን እስከዚያ ቀን ስንት ዕለት እንዳለ መጠየቅ ይቻላል፤ መልሱም ወዲያው ይመጣል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ጊዜን የሚቈጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ወዲህ ያለፉትን ሰከንዶች ይዘው ነው፤ የፋሲካን ዕለት የሚያወጡም አሉ። ይህን መጠቀም ነውር የለበትም። ነገር ግን መሣሪያውም የሚሠራው አባቶች እንደ ሠሩት ነው፤ መነሻ ይወስናል፥ ያካፍላል፥ የተረፈውን ይይዛል። መነሻውንና ሕጉን የማያውቅ ሰው ትክክለኛው መልስ ከስሕተቱ ጋር ቢቀርብለት ሊለየው አይችልም። ካህን የታተመውን የቀን መቍጠሪያ ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ፥ ምእመናን ጾሙ ለምን በዚህ ዕለት ገባ ብለው ሲጠይቁት ምን ይመልሳል?

እንግዲህ መምህራን ባሕረ ሐሳብን ለደቀ መዛሙርት ማስተማርን ቸል አንበል፤ ምእመናንም ልጆቻችሁን ወንበርን፥ አበቅቴንና መጥቅዕን አስቈጥሯቸው። ያልተማረው ገበሬ ለመማር ካላፈረ እኛ የምናፍርበት ምክንያት የለም። የቅዱስ ድሜጥሮስ ጸሎትና በረከት በሁላችን ላይ ይደርብን፤ አሜን።